ጠርሙሱን ማንም እንዳይደፋ

እናቲቱ የጠየቁኝ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ነበር። የሞተች ልጃቸውን ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «መምህር፣ ልጄን የገደላት ያ ያዘዟት የውኃ ጠርሙስ ነው ወይስ አይደለም?» አሉኝ። አስራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ተማሪ ጠይቆኝ አፌ ተሳስሮ አያውቅም፤ የማላውቀውን እንኳ «ነገ እንመለስበታለን» ብዬ አልፋለሁ። የዚያን ቀን ግን ያን ማለት አልቻልሁም። ሰው ይፍረደኝ ብዬ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ሳልቀባባ መናገር ስላለብኝ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ትምህርት ቤታችን ከማንኩሳ ወጣ ብሎ፣ በበቆሎና በበርበሬ ማሳ መካከል ነው። በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ክፍል አለን፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበር ይከመርበታል። ማይክሮስኮፕም አለን፤ ሌንሱ ግን የለም። ሌንስ የሌለው ማይክሮስኮፕ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝና ልሳለመው። ስለዚህ እኔ ሳይንስን የማስተምረው በጠመኔ ነበር። ልብ በጠመኔ፣ ኩላሊት በጠመኔ፣ እንቁራሪት እንኳ፣ ውጭ ቦዩ ውስጥ ስትጮህ እየሰማናት፣ በጠመኔ።

አንድ የዕረፍት ጊዜ ቡሬ ወላጆቼ ጋ ሄጄ ሳለ፣ መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው አብሮ አደጌ «ለመምህር በነጻ የሚሰጥ የሳይንስ ትምህርት አለ፤ ና አውርድ» አለኝ። ነጻ የሚባል ነገር ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። ግን እውነትም ነጻ ነበር። ፈረንጆቹ አስተማሪው የሚያስተምርበትን፣ ተማሪው የሚሠራበትን ወረቀት ከነሥዕሉ ከነቪዲዮው አዘጋጅተው፣ «ውሰዱ፣ ተርጉሙ፣ አባዙ» ብለው አስቀምጠውታል። ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተተክዬ ፍላሼን ሞላሁት። ሰው ባይኖር ኖሮ ከደስታ ብዛት አለቅስ ነበር።

ወደ ሥራዬ ተመልሼ አንድ በአንድ ስከፍተው ነው ደስታዬ እየሟሸሸ የመጣው። እያንዳንዱ ትምህርት የሚጀምረው «የሚያስፈልጉ ነገሮች» ብሎ ነው። ማቀዝቀዣ። የኤሌክትሪክ ምድጃ። ዲጂታል ሚዛን። ለእያንዳንዱ ተማሪ ጓንት። ኧረ በስማም! ሰባ ሁለት ተማሪ ባንድ ክፍል አጉሬ፣ ጠመኔ በልመና የማገኝ ሰው፣ ሰባ ሁለት ጥንድ ጓንት ከየት ላምጣ? አንዱን ስዘጋ ሌላውን ስከፍት ከሁሉ መሐል አንዲት ብቻ አገኘሁ፤ የትንኝ አስተዳደግ። የምትፈልገው አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ፣ የኩሬ ውኃ፣ መክደኛ ጨርቅና እርሳስ ነው። ይቺማ የኛ ናት አልሁ። ትንኝ እንደሆነ ሞልቶናል።

ለመምህሩ የተጻፈው የመጨረሻ ገጽ ላይ ግን አንድ ማሳሰቢያ ነበር። ትንኝ በሽታ በሚያስተላልፍባቸው አገሮች ይህን ሙከራ አትሥሩ፣ በምትኩ ሥዕል አሳዩ ይላል። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። አያችሁ፣ ለነሱ ልጆች ትንኝ መጫወቻ ናት። እኛ በየዓመቱ የምታንቀጠቅጠን፣ ስለ እሷ ከማንም በላይ ማወቅ የሚገባን ሰዎች ግን ሥዕል እንድናይ ተፈረደብን። ሥዕልማ መች አጣሁ! ዕድሜዬን የገፋሁት በሥዕል ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ማሳሰቢያውም ልክ ነበር፣ ንዴቴም ልክ ነበር፤ የሰማሁት ግን ንዴቴን ነው።

ደግሞ ሒሳቤን ሠርቻለሁ። እጭ የምንለው፣ ውኃ ውስጥ የሚውረገረገው የትንኝ ልጅ፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር አስር፣ አስራ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ትንንሾቹን ሰኞ ቀድተን ዓርብ ብንደፋቸው፣ ልጆቹ የሚያዩትን ያያሉ፣ አንዲትም ትንኝ አትወጣም። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ አማርኛ መልሼ በእጄ ጻፍሁትና፣ ፍኖተ ሰላም ወርጄ ፎቶ ኮፒ ሳስደርግ ያችን የመጨረሻ ገጽ አወጣኋት። ለተማሪዎቹ የተጻፈውን ግን አንድ መስመር አልቀነስሁም። ከሁሉ አብልጬ የወደድኋት «ውጤቱ እንዲታመን ሙከራውን ሦስት ጊዜ ድገሙ» የምትለዋን ነበር፤ እሷን እንዲያውም አሰመርሁባት።

አንድ ሌላ ነገር ልናገር፤ እሱ ባይኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ባለፈው ዓመት ባቄላ አብቅሉና በየቀኑ መዝግቡ ብያቸው፣ የሁለት ሳምንቱን መዝገብ ባንድ ቀን፣ ባንድ እስክሪብቶ፣ ባንድ ትንፋሽ ጽፈው አመጡልኝ። ያንዱማ ባቄላ ሳይዘራ በቅሏል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት በቆሎው ማሳ ሥር ካለው የመስኖ ቦይ ዳር ሰብስቤ አስጠነቀቅኋቸው። «እኔ በአፌ ሳልነግራችሁ ጠርሙሱን ማንም እንዳይደፋ! የደፋ ወላጅ ይዞ ይመጣል!» አልሁ። ጣቴን እያወዛወዝሁ። ልጆቹ እየተነካኩ ሳቁ፤ እኔም ፊቴን አጨፈገግሁ እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርቱ ከጠመኔ ወጥቶ በእግሩ የሄደበት ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ሌላ ፈረቃ ስለሚገባበት ጠርሙሶቹ በየቤቱ መዋል ነበረባቸው። ስድስት ቡድን፣ ስድስት አንገታቸው የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ስድስት ጠባቂ። ከጠባቂዎቹ አንዷ ያች ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ቀጭን፣ ካልተጠየቀች የማትናገር፣ ከተጠየቀች ደግሞ የማታቆም። ቀሚሷን ሰብስባ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ «ቲቸር፣ የወባዋ ትንኝ ገና እጭ ሳለች ትለያለች?» አለችኝ። ጎሽ የኔ ልጅ አልሁ በሆዴ። ሌላዋ ትንኝ እጯ ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ የወባዋ ግን የውኃው ፊት ላይ ጋደም ብሎ ይተኛል አልኋት። ጠርሙሱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየች።

«እኛ የቀዳናቸው የተጋደሙት ናቸው» አለች።

«ጥሩ፤ እሱን ጻፊ» አልኋት።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ተኩስ ተሰማ። ዳይሬክተሩ ደወል እንኳ ሳያስደውል በየክፍሉ እየዞረ «ልጆች፣ በቀጥታ ወደ ቤት» አለ። ልጆቹ በማሳው መሐል ተበተኑ፤ እኛ አስተማሪዎቹ የያዝነውን ይዘን በእግራችን ወደ ፍኖተ ሰላም መጣን። መንገዱ ተዘጋ። ቀጥሎ ስልኩ ጠፋ። ትምህርት ቤቱ የተዘጋው በወቅታዊው ሁኔታ ምክንያት ለአንድ ሳምንት ነው ተባለ። ይህ ወቅታዊ የሚሉት ነገር ከኛ ጋር መኖር ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው! ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም አልፎ ሄደ። እኔ አንድ ዘመዴ ቤት ተጠግቼ፣ ጠዋት ስነሳ ስልኬን ከፍቼ አውታር መኖሩን ማየት፣ አለመኖሩን አይቶ መዝጋት ሥራዬ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው የሚከብደኝ። ጠርሙሶቹን አልረሳኋቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ አንድ የዚያ ቀበሌ ሽማግሌ አገኘሁ። በእግራቸው መጥተው ጨው ገዝተው ሊመለሱ ነው። ስለ ሰብሉ፣ ስለ መንገዱ፣ ማን ደህና እንደሆነ ማን እንዳልሆነ ተጠያየቅን። «ለልጆቹ ጠርሙሱን ድፉት ብሏል ይበሉልኝ» የምትለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አፈርሁ። አገር ምድሩ ሲታመስ ስለ ትንኝ ጠርሙስ መልእክት የሚልክ አስተማሪ ምን ይሉታል? ደግሞስ እስከ ዛሬ ማን አስቀምጦት! የኔን ቃል መች ሰምተው ያውቁና! ብዬ ተውሁት። ሽማግሌው ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ «በሉ መምህር፣ ደህና ይሰንብቱ» ብለውኝ ሄዱ።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከሰባ ሁለቱ አርባ የማይሞሉ መጡ። የሆነ ነገር ብዬ ክፍሉን ላሟሙቅ አልሁና «እህ፣ ትንኞቼስ?» አልሁ። ሳቁ። አራቱ ጠርሙስ ትምህርት በተዘጋ በሳምንቱ ተደፍቷል። አንዱን ፍየል ጠጥታዋለች። «ስድስተኛውስ?» ስል ሳቁ ቆመ። ኋላ የዚያች ቀጭን ጠባቂ ጓደኛ፣ «ቲቸር፣ እሷ እኮ ሞተች» አለችኝ።

ወባ ነው። ጤና ኬላው ተዘግቶ ነበር። ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ተንዘፈዘፈች፤ በአራተኛው ቀን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወጡ መንገድ ላይ አረፈች። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ልድረስ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሁለት ጊዜም ከመንገድ ተመለስሁ። በኛ አገር የሟች ተማሪውን ለቅሶ የማይደርስ አስተማሪ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ምን ብዬ ልግባ? ጠርሙሱ ምን ያህል እንደቆየ ቢነግሩኝስ? ይህን ፈርቼ ስሸሽ እናቲቱ ራሳቸው መጡብኝ።

ጥቁር ለብሰዋል። ታናሽየዋ ልጃቸው፣ ያኔ ስምንተኛ ክፍል የነበረችው፣ ተከትላቸው መጥታ በሩ ጋ ቀረች። ወንበር ሰጠኋቸው፣ «እግዜር ያጽናዎት» አልሁ፣ ዓይናቸውን ሳላይ። እሳቸው ግን አልወቀሱኝም። ደብተሩን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አስቀመጡና ያን ጥያቄ ጠየቁኝ። መንደርተኛው ሞቷን በጠርሙስ አሳደገችው እያለ ነው አሉ። «የንስሐ አባቴ የእግዜር ፈቃድ ነው አሉኝ፤ አምኛለሁ። እርስዎ ግን ይህን ነገር የተማሩ ነዎትና ንገሩኝ ብዬ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ሁሉን እዚህ ላይ ጽፋዋለች፤ ያንብቡና ይንገሩኝ» አሉ።

ደብተሩን ከፈትሁ። እንደዚያ ያለ መዝገብ ተማሪ ሠርቶልኝ አያውቅም። በማስመሪያ አራት ቤት ተከፍሏል፤ ቀን፣ ብዛት፣ መልክ፣ ሌላ ያየሁት ነገር። እስክሪብቶው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ መጨረሻ ላይ እስክሪብቶ አጥታ በእርሳስ ጽፋለች። አንድ ቀን አልዘለለችም። ዓርብ መጥቶ ሲያልፍ «ቲቸር ስላልነገሩን አልደፋሁም» ብላለች። ዘጠነኛው ቀን ላይ «አባቴን ብርድ ብርድ ብሎታል» ይላል። አስራ ሁለተኛው ቀን፣ «ስድስት ወጡ። ጨርቁ ሥር ተቀምጠዋል።» አስራ ሦስተኛው ቀን፣ «ጨርቁ የለም። ስድስቱም የሉም። በወረቀት ከደንሁት።» አስራ አራተኛው ቀን፣ «አባቴ ዛሬም አልተሻለውም። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ስለሚል ሁለተኛውን ዙር ከቦዩ ቀዳሁ። እነዚህም የተጋደሙ ናቸው።»

ገጽ ገለበጥሁ። ሁለተኛው ዙር አለቀ፤ ሦስተኛው ተጀመረ። ያች ያሰመርሁባት መስመር! ምነው እጄን በቆረጠው! የመጨረሻው ቀን ሠላሳ ስምንተኛው ነው። በእርሳስ፣ ፊደሉ ተንጋዶ፣ «አራት። ራሴን አሞኝ ተኝቼ ስለቆጠርሁ ቁጥሩ ልክ ላይሆን ይችላል» ይላል።

አንብቤ ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ። እናቲቱ ይህን በሌላ ተረጎሙት መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ጨርቁን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ የሰጠኋት ነው። አባቷ ትኩሳቱ ሲብስበት ሌላ ጨርቅ አላገኘሁም፤ አነሳሁና ውኃ ነክሬ ግንባሩ ላይ አደረግሁት። ተቆጣችኝ። 'እማዬ፣ ቲቸር እኮ ክደኑት ብለዋል' አለችኝ። ሂጅ ወዲያ፣ ሰው ይብሳል ወይስ ትንኝ አልኋት።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ተወዛወዙ።

ለካ እኔን ሊከሱ አልመጡም። ሲንገበገቡ የሰነበቱት በራሳቸው ነው። እኔ ያወጣሁትን ገጽ፣ እኔ ያሰመርሁበትን መስመር፣ እኔ ያልላክሁትን መልእክት እሳቸው አያውቁም፤ የሚያውቁት አንድ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ነው።

«አይደለም» አልኋቸው። «ትንኝ ከውኃ ስትወጣ ንጹሕ ናት፣ እናቴ። በሽታ ይዛ አትወለድም።»

«ንጹሕ ናት?»

«ንጹሕ ናት። ጠርሙሱም ጨርቁም ምንም አላደረጉም። ዘንድሮ ወባው አገሩን ሁሉ ሞልቶት ነበር።»

ትንኝ ንጹሕ ሆና መውጣቷ እውነት ነው። ግን ቤት ውስጥ ወባ የያዘው ሰው ተኝቶ ከሆነ ንጹሕ ሆና አትቀርም። እሱን ነክሳ፣ ሰንብታ፣ ሌላውን ትነክሳለች። ያቺን ልጅ የነከሰቻት ከጠርሙሱ የወጣች ትሁን ከቦዩ የመጣች፣ ምድር ላይ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እኔ ማለት የነበረብኝ «አላውቅም» ነው። «ጥፋት ካለም የእርስዎ አይደለም፤ ሳልነግራችሁ እንዳትደፉ ያልሁ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ለእሳቸው ብዬ ነው የዋሸሁት እያልሁ ራሴን አባብላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን አፌን የዘጋው ፍርሃት ነው፤ በዚያች «አይደለም» ከእሳቸው ይልቅ የዳንሁት እኔ ነኝ።

እናቲቱ አማተቡ። «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። ተነስተው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በድንጋጤ ክንዳቸውን ያዝሁ። «ዕድሜ ይስጥዎ፣ ይህን ነገር ከላዬ አነሱልኝ» አሉኝ። ቢራገሙኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን መልሰው በነጠላቸው ጠቀለሉ፤ ወደ በሩ ዞረው ታናሽየዋን አሳዩኝና፣ «ለከርሞ እሷ ናት የምትመጣልዎ፤ እንደ እኅቷ አድርገው ያስተምሩልኝ» አሉ። እሺ አልሁ።

ፍላሹን አልጣልሁትም። ዛሬም እከፍተዋለሁ፤ ዛሬ ግን የማነበው ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ነው። ዘንድሮ ወባን ያስተማርሁት በጠመኔ፣ በሥዕል ነው። ታናሽየዋ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የወባዋ እጭ ጋደም ብሎ እንደሚተኛ ተናግሬ ስጨርስ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ገና የወጣች ትንኝ የታመመ ሰው ብትነክስ፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ እስክትችል ስንት ቀን ይፈጅባታል?»

«ነገ እንመለስበታለን» ልላት እችል ነበር። አልቻልሁም። «እንደ ሙቀቱ ነው፤ አስር፣ አስራ ሁለት ቀን» አልሁ።

«የተነከሰው ሰውስ በስንተኛው ቀን ይታመማል?»

«እሱም ከአስር እስከ አስራ አራት ቀን ቢሆን ነው።»

ከራሷ ደብተር ሥር ሌላ ደብተር አወጣች። አወቅሁት። ጣቷን አስራ ሦስተኛው ቀን ላይ አድርጋ ወደ ታች መቁጠር ጀመረች፤ ገጽ ገለበጠች፤ በእርሳስ እስከተጻፈው መጨረሻ ቆጠረች፤ እንደገና ከላይ ጀምራ ቆጠረች። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የተጻፈውን መልሼ ጻፍሁት። ደወሉ ሲደወል ሌሎቹ ተጋፍተው ወጡ፤ እሷ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ ልሰማት ቆሜያለሁ። ደብተሩን ደረቷ ላይ አቀፈች።

«ቲቸር» አለችኝ፣ «ለእማዬ እንዳይነግሯት።»